ከዒላማው ጀርባ

አባቴ እንጀራው ሌሎች የበሱትን መድፈን ነበር። የተኩስ ክበብ የጥገና ሠራተኛ ነው። አባላቱ ቅዳሜና እሁድ ይተኩሳሉ፤ እሱ ሳምንቱን ሙሉ ይጠግናል። ዒላማ የሚሰቀልባቸው የእንጨት ፍሬሞች ተሰነጣጥቀው ይመጣሉ፣ ይቸነክራቸዋል። ዒላማውን ወዲያና ወዲህ የሚያመላልሰው ሽቦ ከመዘውሩ ያመልጣል፣ ይመልሰዋል። የተኳሾቹ መቆሚያ ጣሪያ ሲያፈስ ቆርቆሮው ላይ የሚወጣው እሱ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሜዳው መጨረሻ ላይ ያለው ትልቁ የአፈር ክምር ነበር። ጥይቱን ሁሉ ውጦ የሚያስቀረው ያ ክምር ነው። ዝናብ ሲንደው አባቴ በአካፋ መልሶ ያቆመዋል፤ አረር ሲሞላበት አፈሩን በወንፊት እየነፋ ያጠራዋል። አንዳንዴ ከወንፊቱ ላይ የተጣመመች አረር አንስቶ ይሰጠኝና «ያዢ፣ የኔ እናት፣ ይቺ ሰው ሳትነካ ያረፈች ናት» ይለኛል።

የምንኖረው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ግድግዳዋ ቅባት ቅባትና ቀለም ቀለም ይሸታል። ተኩስ ሲጀመር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። የመጣ እንግዳ ሁሉ ክው ሲል እኔ በሳቅ እፈርሳለሁ። ተኩስ ለኔ የጎረቤት ወፍጮ ማለት ነበር። አባላቱ ሲተኩሱ ጆሯቸው ላይ ትልልቅ መከላከያ ያጠልቃሉ። አባቴ ጥጥ ይወትፋል፤ እሱንም ካስታወሰ ነው።

እናቴ ደግሞ የወረቀት ዒላማዎችን ቀዳዳ በዱቄት ሙጫ ትለጥፋለች። ቤት ቁጭ ብላ ልትሠራው የምትችለው ሥራ ነው። እሷ ግን የሙጫዋን ጣሳና ወረቀቷን ታቅፋ አባቴ ባለበት ሁሉ ትሄዳለች። እሱ ጣሪያ ላይ ሲወጣ እሷ መሰላሉ ሥር ናት። እሱ ክምሩ ጋ ሲወርድ እሷ የአሸዋ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ትለጥፋለች። የክበቡ ሰዎች መሳቂያ አደረጓት።

«ባሏን በቀሚሷ ጫፍ ቋጥራ እኮ ነው የምትዞረው!» ይላል አንዱ።

«ጥላው እንኳ እንደሷ አይከተለውም፤ ጥላው ማታ ማታ ያርፋል» ይላል ሌላው።

እናቴ አንገቷን ደፍታ መለጠፏን ትቀጥላለች። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። የሰው እናት ቤቷ ትውላለች፤ የኔ እናት ለምን ሰው ይስቅባታል? የምትቀመጥበትን ቦታ ያኔ አስተውዬ ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር በገባኝ ነበር። ሁልጊዜ እሱ ቀና ሲል ፊቷን የሚያይበት ቦታ ላይ ነበረች።

አባቴም ግራ ያጋባኝ ነበር። ከኋላው ሆኜ «አባዬ!» እለዋለሁ፤ አይዞርም። ደግሜ እጠራዋለሁ፤ ምስማሩን መምታቱን ይቀጥላል። ተናድዶብኛል ብዬ ልሄድ ስል ዞር ይልና ሲያየኝ ፊቱ እንደ ፀሐይ ይበራል፤ «መጣሽ እንዴ?» ይለኛል። አመሻሹ ላይ አብረን እየሄድን ትምህርት ቤት የዋልኩትን አንድ በአንድ ስዘከዝክለት፣ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ «ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ» ይለኛል። በማግስቱ ስለዚያው ነገር ስጠይቀው ምንም አያውቅም። ልቡ ሌላ ቦታ ነው አልኩ። የልጅ ልብ ደግሞ «ሌላ ቦታ» ካለ በኋላ ቦታውን ሳያገኝ አያርፍም።

ቦታውን አገኘሁት። ሳቂታ ነበረች።

ሳቂታ የክበቡን ሻይ ቤት የምትይዝ ሴት ናት። ስሟን የሚያውቅ የለም፤ ጥርሷ ስለማይከደን ሁሉም ሳቂታ ይላታል። እኔንም ስኳር ትቆነጥርልኝ ነበርና እወዳት ነበር። በኋላ ግን ሳስተውል፣ አባቴን ስታናግረው ሌላውን እንደምታናግር አይደለም። መጀመሪያ ትከሻውን ትነካዋለች። ከዚያ ዞራ ፊት ለፊቱ ትቆምና ፊቷን ወደ ፊቱ ታስጠጋለች። የክበቡን አሰልጣኝ እንዲያ አታደርገውም። እንጨት የሚያመጣውን ሰውዬም አታደርገውም። አባቴን ብቻ። እናቴ እያየች ዝም ትላለች።

አንድ ቀን ከሻይ ቤቱ ጀርባ ቀለሃ ስለቅም እናቴና ሳቂታ ሲነጋገሩ ሰማሁ። እናቴ ታለቅስ ነበር።

«እስከ መቼ ይደበቃል ግን?» አለች ሳቂታ።

«አንድ ሰው ካወቀ ቤታችን ፈረሰ ማለት ነው» አለች እናቴ።

«ከኔ አፍ አይወጣም። ልጅቷስ?»

«እሷ ምን ታውቃለች፣ ልጅ አይደለች?»

ቤት ፈረሰ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። የአክስቴ ቤት የፈረሰ ጊዜ ባሏ ሻንጣውን ይዞ ሄዷል። ቀለሃዎቼን እዚያው በትኜ ወደ ክፍላችን ገባሁና አልጋ ሥር ያለውን የአባቴን ሻንጣ ወደ ግድግዳው ገፋሁት፣ ሩቅ፣ እጁ እንዳይደርስበት። እናቴ ያን ቀን የምታወራው ስለዚያችው ስለ አራት ማዕዘን ክፍላችን፣ ስለ ቆርቆሮዋና ስለ በሯ እንደነበር የገባኝ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው።

የዚያን ዓመት ክረምት ክምሩ ሲሶው ተንዶ ሜዳው ላይ ተኛ። ከሌላ ከተማ ክበብ ጋር ውድድር ሊደረግ ቀኑ ደርሷል። አባቴና እናቴ ከጠዋት እስከ ማታ አሸዋ በጆንያ እየሞሉ ተሸከሙ፤ የበሰበሰውን ጣውላ አውጥተው በአዲስ ቀየሩ። አሰልጣኙ ጃንጥላ ይዞ ክምሩ ሥር ይመላለሳል። ሜዳውንም፣ ተኩሱንም፣ ደወሉንም የሚመራው እሱ ነው። ጎበዝ፣ ፈጣን፣ ትንሽ ቁጡ ሰው ነበር፤ ክበቡን እንደ ልጁ ይወደዋል። «ወንድሜ፣ እንግዳ ፊት እንዳታዋርደኝ» ይለዋል አባቴን። አባቴ ፊቱን አይቶ ፈገግ ይልና ራሱን ይነቀንቃል።

ውድድሩ ሊደርስ ሲል እናቴ ታመመች። ጆንያ እንደተሸከመች ወገቧን ይዛ ተቀመጠች፤ ሴቶች ገቡ፤ ሳህን ገባ፤ እኔ ወጣሁ። «ብርድ መትቷት ነው» አሉኝ። ብርድ አልነበረም። ሊወለድ የነበረ ወንድሜ ወይም እኅቴ ነበር።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት እናቴ ከአልጋዋ ሳትነሳ የአባቴን አገጭ ይዛ ፊቱን ወደ ራሷ አዞረች።

«ዛሬ አትሂድ። አመመኝ በላቸው።»

«ዛሬ? ሰው ሁሉ በሚመጣበት ቀን?» አለ አባቴ፣ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ። «ክምሩ ገና በወጉ አልረጋም። መዘውሩም ያንገራግራል። ማን ሊያየው ነው?»

እሱ የጥገና መሣሪያውን ሊያመጣ ሲወጣ እናቴ ሳቂታን አስጠራች። ገብታ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። እናቴ እጇን ጨብጣ «አደራ። ካጠገቡ እንዳትለዪ» ስትላት በጆሮዬ ሰማሁ። ዓለም ዞረብኝ። ሥጋ ለጅብ አደራ ይሰጣል? እናቴ ትኩሳቱ አዙሯታል ብዬ ደመደምኩና እኔው ራሴ ልጠብቃት ወጣሁ። የሻይ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ሳቂታ ላይ ተከልኩ።

ግቢው በመኪና ተሞልቷል። ከሌላው ክበብ የመጡት እንግዶች ኮት ለብሰዋል። አባቴ ከተኳሾቹ መቆሚያ ጎን ፒንሳውን ኪሱ ከቶ ቆሟል። ሳቂታ ባዶ ትሪ ደረቷ ላይ አቅፋ ካጠገቡ ቆማለች። ደወል ሲደወል ክንዱን ትነካዋለች፤ አሰልጣኙ አንድ ነገር ሲል ዞራ ትደግምለታለች። በየንክኪው ጥርሴን እነክሳለሁ።

ከእንግዶቹ አንዱ «እዚህ ቤት ሻይ ክልክል ነው እንዴ?» ብሎ አሳቃቸው። አሰልጣኙ ፊቱ ቀላ።

«አንቺ! ምን ትገተሪያለሽ እዚያ? እንግዳ አይስተናገድም?»

«እሺ፣ አሁን መጣሁ...» አለችና አባቴን አየችው። ሳትፈልግ፣ ወደ ኋላ እያየች መጣች። አጠገቤ ስታልፍ ጥርሷ ተከድኖ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም። እኔ ግን ተገላገልን አልኩ።

እሷ ውስጥ ሻይ ስትቀዳ አንዱ ዒላማ መሃል መንገድ ላይ ተገትሮ ቀረ። መዘውሩ ነው። አሰልጣኙ ተኩስ አስቆመ፤ ቀዩን ባንዲራ ሰቀለ። አባቴ በጎን ባለው ቦይ ወርዶ ከዒላማዎቹ ሥር ካለው የጣውላ መከለያ ጀርባ ገባ። ከዚያ ወዲያ አልታየም። ዒላማው ተንፏቀቀ፤ ቦታው ደረሰ። እንግዶቹ ሰዓታቸውን ያያሉ።

«ጨርሰሃል?» አለ አሰልጣኙ። «ወንድሜ፣ ወጥተሃል?»

መልስ የለም። ሁልጊዜ በቦዩ ዞሮ በኋላ በኩል ስለሚወጣ ወጥቷል ብለው አሰቡ። አሰልጣኙ ተኩስ ሊጀመር ነው የሚለውን ደወል ደወለ። ጥቂት ቆይቶ ደገመው። ባንዲራው ወረደ።

ሳቂታ በብርጭቆ የተሞላ ትሪ ይዛ ከበሩ ብቅ አለች። አባቴ የነበረበትን ቦታ አየች። ባዶ ነው። የወረደውን ባንዲራ አየች።

«ሰው አለ! ሰው አለ እዚያ!»

ብርጭቆው ደረጃው ላይ ሲንኮታኮትና ጥይቱ ሲተኮስ አንድ ላይ ሆነ።

አባቴን በዒላማ ሰሌዳ ላይ ተሸክመው አመጡት። ጥይቱ ጣውላውን በስቶ ጉልበቱን አግኝቶታል። ፊቱ ላይ ከሕመሙ ይልቅ ግርምቱ ይበልጥ ነበር። ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት እየተንከራተተ «ምን ተፈጠረ? ምን ተፈጠረ?» ይላል። ሁሉም ባንዴ ያወራል። ሳቂታ መሬት ላይ ቁጭ ብላ የተሰበረውን ብርጭቆ በባዶ እጇ ትሰበስብ ነበር፤ ለምን እንደምትሰበስበው እሷም የምታውቅ አይመስለኝም።

አባቴ ከሐኪም ቤት እንደተመለሰ አሰልጣኙ ክፍላችን ድረስ መጣ። ሁለት የክበቡ ኮሚቴ አባላት ተከትለውት በሩ ላይ ቆሙ። አሰልጣኙ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀመጠ። ከኋላው ብርሃኑ ስለሚያበራ ፊቱ ጨለማ ሆነ። የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«ደወሉ ሁለት ጊዜ ተደውሏል» አለ። «ሰምተሃል፣ አይደል?»

አባቴ ጨለማውን ፊት አየው። ከዚያ እግርጌው የቆመችውን እናቴን አየ። እናቴ አፏን ከፈተች። ከዚያ መልሳ ዘጋችውና ዓይኗን ብርድ ልብሱ ላይ ጣለች።

«ሰምቻለሁ» አለ አባቴ።

አሰልጣኙ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰ። «ሰምታችኋል» አላቸው በሩ ላይ ላሉት።

እኔም ሰማሁ። ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። አባቴ ደወሉን ሰምቶ፣ ጥይት እንደሚመጣ እያወቀ፣ ሥራውን ሳይጨርስ አልነሳም ብሏል! ስለ ሳቂታም፣ ስለ ሻንጣውም ይቅር አልኩት። ሕግ ጥሷል ተብሎ ከሥራ ሲሰናበትና ክፍሏን ልቀቁ ስንባል እንኳ ሐዘኑ ብዙም አልተሰማኝም። ዕቃችን ሲጫን ሳቂታ መጣች፤ «አደራ በላሁ፣ አደራ በላሁ» እያለች እናቴ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ተቃቅፈው ሲላቀሱ ሳይ፣ እሰይ፣ ታረቁ አልኩ።

አዲሱ ሠፈር ስንገባ አባቴ መስማት እንደማይችል ታወቀ። እናቴ መደበቁን ተወችው። እኔም ልጆቹን ሰብስቤ እተርክ ነበር፤ ጥይት እየመጣበት ያልተነቃነቀው አባቴ፣ የጥይቱ ድምፅ ጆሮውን የደፈነው አባቴ። አንዲት ጥይት ሁለቱንም እንዳደረገችው አምኜ አደግሁ። እሱ እግሩን እየጎተተ ደጃችን ላይ ወንበር ይሠራል። ጥሩ ወንበር ነበር የሚሠራው። እኔ ደግሞ ትምህርቴን ስገፋ፣ ሥራ ስይዝ፣ ከእሱ ጋር የማወራው እያነሰ ሄደ። ፊት ለፊት ተቀምጦ ቀስ ብሎ ማውራት ጊዜ ይጠይቃል። በቆመበት ከኋላው አልፌ እወጣለሁ። ስንት ነገር ሳልነግረው ቀረ።

ካገባሁ በኋላ ነው ለጆሮው የሚሆን ማዳመጫ ልግዛለት ብዬ ሐኪም ዘንድ የወሰድኩት፤ እናቴም አብራን ነበረች። ሐኪሟ መርምራው ስታበቃ ራሷን ነቀነቀች።

«ይህ በአንድ ቀን የሆነ ጉዳት አይደለም። ለዓመታት ከፍተኛ ድምፅ አጠገብ የሠራ ሰው ጆሮ ነው። ማዳመጫው አሁን እምብዛም አይረዳውም። በጊዜ ከዚያ ሥራ ቢርቅ ኖሮ ግማሹ ይተርፍ ነበር። መቼ ነው የጀመረው?»

እኔ ስለ ጥይቱ ልነግራት አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«ይቺ ትምህርት ቤት ሳትገባ» አለች።

አባቴ ከሁለታችን መሃል ተቀምጦ የግድግዳውን የጆሮ ሥዕል ያይ ነበር።

ማታ፣ እሱ ከተኛ በኋላ፣ እናቴን ጠየቅኳት። ሳትደብቅ ነገረችኝ፤ ለዓመታት አፏ ላይ የነበረ ነገር ይመስል ነበር።

«ጆሮው እየሄደ መሆኑን ያወቀው እሱ ነው። እንውጣ አለኝ፤ ሌላ ቦታ ሄጄ ወንበርም ቢሆን እሠራለሁ አለኝ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ። አንቺን አዝዬ የት እገባለሁ? ትንሽ እንታገሥ፣ እኔ ጆሮ እሆንሃለሁ አልኩት። ደወል ሲደወል የማይሰማ ሰው እዚያ ሜዳ ላይ አንድ ቀን አያስውሉትማ፣ ካወቁ። ሳቂታ በራሷ ደረሰችበት፤ እግዜር ይስጣት፣ ምስጢሩን ያዘችልኝ።»

«አሰልጣኙ ሲጠይቀውስ? ለምን ሰምቻለሁ አለ?»

እናቴ የቀሚሷን ጫፍ ታጠፋና ትዘረጋ ጀመር።

«ምን እንደጠየቀው አላወቀም፣ ልጄ። አባትሽ ያልሰማውን ነገር ሁሉ ሰምቻለሁ ነው የሚለው። ሰው እንዳይደክምበት። ያን ቀንም እንዲያው ነው ያለው።»

«አንቺ እያየሽ?»

«እኔ እያየሁ። ብናገር ደብቃችኋል ብለው ሁላችንንም፣ ሳቂታንም የሚያስሩን መሰለኝ። ደግሞ በሰዎቹ ፊት ደንቆሮ ሲባል መስማት አቃተኝ። አፌን ብከፍት ምናልባት በሥራው ተጎዳ ብለው ያሳክሙት ነበር። ምናልባት ጆሮው ይተርፍ ነበር። ዝም ብዬ ያተረፍኩት የለም። ያቺንም ክፍል አጣናት።»

«እሱስ ይህን ያውቃል?»

«በእግርህ ምክንያት ነው ያሰናበቱህ አልኩት። እውነት መሰለው። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ ልንገረው?»

የኮራሁባት ያቺ «ሰምቻለሁ» ማንንም የደፈረች ቃል አልነበረችም። እኔ ስለ ትምህርት ቤት ስለፈልፍ ይመልስልኝ የነበረችው ያችው ነበረች። ያን ሌሊት ስንት ጊዜ እንዳላት ሳስብ አደርኩ፤ ስንት ጊዜ ከጎኑ እየሄድኩ ብቻዬን አውርቼ፣ እሱም ብቻውን ሄዶ።

አሰልጣኙ የመጣው ካለፈው ክረምት በፊት ነው። በምርኩዝ፣ እየጠየቀ እየጠያየቀ ደጃችንን አገኘው። እኔ እነሱን ልጠይቅ መጥቼ ነበር። አባቴ ወዲያው ለየው። ወንበሩን ጥሎ እግሩን እየጎተተ ሄዶ አቀፈው፤ ከሠራቸው ወንበሮች የተሻለውን አምጥቶ አስቀመጠው። ስለ ክምሩ ጠየቀው፣ ቆርቆሮው ተቀየረ ወይ አለው። አሰልጣኙ ሁለት እጁን ምርኩዙ ላይ ደራርቦ፣ መሬት መሬት እያየ መናገር ጀመረ።

«ያኔ ጠርጥሬ ነበር። ስጠራህ እንደማትሰማ ብዙ ቀን አይቻለሁ። ላውቅ አልፈለግሁም፤ እንዳንተ የሚሠራ ሰው ከየት አመጣለሁ ብዬ። የውድድሩ ዕለት ወጥተህ እንደሆነ ሳላይ ደወልኩ። በኋላም ቤትህ መጥቼ ራሴን ነው ያወጣሁት። ሰምተሃል አይደል ያልኩህ መልሱን አፍህ ላይ ላኖርልህ ነው። እኔም ካንተ ቀጥሎ ብዙ አልቆየሁም እዚያ። ይቅር በለኝ ልልህ ነው የመጣሁት።»

አባቴ የተደፋውን ራስ ያያል። የከንፈሩን እንቅስቃሴ ሊያገኝ ጎንበስ አለ፤ ባርኔጣው ጋረደው። ወደኔ ዞረ።

«ምን አለ?»

አሰልጣኙም ቀና ብሎ አየኝ። በሩ ላይ እናቴ ቆማለች። ራሷን በቀስታ፣ አይሆንም፣ አይሆንም፣ ነቀነቀችልኝ። አባቴ ፊቴን እየጠበቀ ነው። በሕይወቱ ሙሉ እንዲያ የሰውን ፊት ሲጠብቅ ኖሯል።

ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ቀስ ብዬ፣ ከንፈሬን ከፍቼ ተናገርኩ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ሳልጠይቅህ ቀረሁ፣ ይቅር በለኝ ነው የሚልህ።»

አባቴ ሳቀ። እጁን ዘርግቶ የአሰልጣኙን ጉልበት መታ መታ አደረገው።

«አንተ ደግሞ! ሰው ሥራ ይበዛበታል፣ ይረሳል፣ ይህም ይቅርታ ያስፈልገዋል?» አለ ጮክ ብሎ። «እኔ አንተን እረሳለሁ? ቆስዬ የተኛሁ ጊዜ ቤቴ ድረስ መጥተህ እጄን በሁለት እጅህ ይዘህ አጽናንተኸኝ የለም? ከዚያ ሁሉ ሰው አንተ ብቻ ነህ እጄን የያዝከው።»

አሰልጣኙ ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

አባቴ ደንግጦ አየውና ወደኔ ዞረ።

«ውሃ አምጪለት እንጂ፣ የኔ እናት» አለኝ። «መንገዱ አድክሞታል።»